ከመርዝ ነጻ ፍራሽ የሚባል አለ? ለናቲ እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሦስት ዓመት ተኩል የሆነው ልጄ ናቲ እስካሁን ከእኛ ጋር ነበር የሚተኛው። አሁን የራሱን አልጋ አሠራንለት፤ 1.80 በ90። ፍራሹ ላይ ግን ተጨነቅኩ። ሱቅ ያየሁት ስፖንጅ ሽታው ራስ ያዞራል። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ‹ስፖንጅ ካንሰር ነው፤ ኦርጋኒክ ካልሆነ እንዳታስተኚው፤ እኔ እልክልሻለሁ› ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹እኛስ በምን ላይ አደግን?› እያለ ይስቃል። ልጁን ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፤ አንዳንዴም አልጋው ላይ ይሸናል። ከመርዝ ነጻ የሆነው ፍራሽ የቱ ነው? የናቲ እናት፣ ከአዲስ አበባ»

ምላሽ፦

የናቲ እናት፣ መጀመሪያ ማን እንደሚመልስልዎ ይወቁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ኬሚስት ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አራት ዓመት ስፖንጅ ፋብሪካ ውስጥ ሠራሁ፤ ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ የቤት ውስጥ አየር መለካት ነው። ስለዚህ ስለ ሳሉ የምለው ጥቂት ነው፤ ስለ ስፖንጁ ግን በቃ ካላሉኝ አላቆምም።

ምናልባት ሱቅ ደጃፍ ቆመው እያነበቡ ከሆነ መልሱን ላስቀድምልዎ። ለናቲ ከአንድ ብሎክ የተቆረጠ እንጂ ተጣብቆ ያልተሠራ፣ ዴንሲቲው (አንድ ሜትር ኩቡ የሚመዝነው ኪሎ) ከ25 እስከ 30 የሆነ፣ ውፍረቱ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ማን እንደሠራው የሚታወቅ አዲስ ስፖንጅ ይግዙ። ዚፕ ያለው የጥጥ ልባስ ይኑረው። ልጁ ሳይተኛበት ሁለት ሳምንት ነፋስ ያግኘው። ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያስፈልግዎትም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በሥራ ዘመኔ ልጅ ሲያሳምም ያየሁት ፍራሹ ራሱ ሳይሆን ፍራሹ ላይ የምንረጨው፣ በላዩ የምናነጥፈውና ከሥሩ የምናሻግተው ነው።

እህትዎ «ስፖንጅ ካንሰር ነው» ያሉት ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ስፖንጅ የምንለው ፖሊዩሬቴን ነው፤ ጀርመናዊው ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 የደረሱበት። (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ እጽፋለሁ።) አሠራሩን አንዴ ያየ አይረሳውም። ፖሊዮልና ቲዲአይ የሚባሉ ሁለት ፈሳሾች ከጥቂት ውሃና ከማፋጠኛ ጋር ተደባልቀው ረጅም ሣጥን ውስጥ ይፈስሳሉ። ውሃው ቲዲአዩን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ድብልቁም በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ደረት ድረስ ይደርሳል። እንጀራ ላይ ዓይን የሚያወጣውም ይኸው ጋዝ ነው። የስፖንጁ ብሎክ ግን መሐሉ እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ይግላል፤ ብሎኮቹን አራርቆ የማያሳድር ፋብሪካ ሌሊት እሳት ይነሣበታል።

ቲዲአይ ክፉ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚላቸው መሐል መድቦታል፤ አስም እንደሚያስይዝ ደግሞ አያጠራጥርም። ማፍሰሻው አጠገብ ያለ ማስክ ቆሞ ከዓመት በኋላ ደረቱ ሲያፍነው የነበረ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። ነገር ግን ቲዲአይ ከውሃም ከአየር እርጥበትም ጋር ተዋህዶ የሚያልቅ ነገር ነው፤ በወጉ ደርቆ ባደረ ስፖንጅ ውስጥ ነጻ ሆኖ የሚቀረው ከኢምንት አይቆጠርም። እህትዎ የሰሙት የሠራተኛውን አደጋ ነው፤ ወደ ተኚው ተሻግሮ ነው የደረሳቸው። በርበሬ ወፍጮ ቤት የቆመ ሰው ስላስነጠሰ ወጡን የሚበላውም ያስነጥሳል አይባልም።

ታዲያ ራስ የሚያዞረው ሽታ ምንድን ነው? አብዛኛው ማፋጠኛው ነው። አሚን ይባላል፤ ዓሣ ዓሣ ይላል። ከእሱ ጋር ሌሎች በቀላሉ የሚተኑ ኬሚካሎች አሉ። እኔ የሠራሁበት ፋብሪካ ውስጥ የሠርግ ወቅት ሲደርስ ብሎኩ በተፈሰሰ ማግስት ይቆረጥና ከሰዓት በኋላ መኪና ላይ ይጫን ነበር። እንዲህ ያለ ፍራሽ ገና ትንፋሹ አላለቀም። በ2014 ኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 20 የሕፃናት ፍራሾችን ፈትሸው ነበር። አዲሶቹ ከአሮጌዎቹ አራት እጥፍ ያህል ተናኝ ኬሚካል ይለቁ ነበር፤ የገላ ሙቀትም ልቀቱን ይጨምረዋል፤ ክምችቱ የሚበዛውም ልጁ አፍንጫ አጠገብ ነው። መድኃኒቱ ግን ዋጋ የለውም፤ ጊዜና ነፋስ ነው። ልባሱን ያውልቁ፣ ስፖንጁን በጎኑ ያቁሙ፣ መስኮት ይክፈቱ። ፀሐይ ላይ ጥሎ መዋል እንደ ጥጥ ፍራሽ አይሆንለትም፤ የፀሐይ ጨረር ስፖንጅን ያቢጫዋል፣ ላዩንም ያፈራርሰዋል። ጥላና ነፋስ ይበቃዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽታው ካልጠፋ፣ ከወርም በኋላ ዚፑን ሲከፍቱ ግም ካለ፣ ያ አሚን አይደለም፤ ማስቲሽ ነው።

ማስቲሽ ላይ ትንሽ ልቆይ። መንገድ ላይ ያሉ ልጆች የሚስቡት ያው ነው፤ ቶሉዊንና መሰሎቹ አሉበት። አንዳንድ ትንንሽ ወርክሾፖች ከፋብሪካ የተረፈ ቁርጥራጭ በኪሎ ገዝተው እያጣበቁ ፍራሽ ያደርጉታል። ላዩን ያማረ ጨርቅ ይለብሳል፤ ዋጋው ይረክሳል። ለዚህ ነው ዚፕ ያለው ልባስ ያልኩዎ፤ ሻጩ ፊት ዚፑን ይክፈቱ። አንድ ወጥ ገላ ካዩ ጥሩ። ስፌት የመሰለ መስመር፣ ጠንካራ ቢጫ ጠብታ ወይም ሁለት ዓይነት ቀለም ካዩ ይተዉት። ጨርሶ የማልመክርዎ ደግሞ ዥጉርጉሩን ነው፤ የመቶ ዓይነት ስፖንጅ ፍርፋሪ በማጣበቂያ ተጭኖ የሚሠራውን። ጠንካራነቱ እውነት ነው፤ «ኦርቶፔዲክ» ተብሎ ሲሸጥም ሰምቻለሁ። ፍርፋሪው ከየት እንደመጣ ግን ሻጩም አያውቅ፣ ፋብሪካውም አያውቅ።

ከየት እንደመጣ ማወቁ ለምን ያስጨንቃል ይሉኝ ይሆናል። ምክንያቱም ከሽታው ይልቅ የሚያሳስበው የማይሸተው ነው።

ነገሩ አሜሪካ ነው የጀመረው። በ1975 ካሊፎርኒያ የሶፋ ስፖንጅ ለትንሽ የእሳት ነበልባል 12 ሴኮንድ እንዲቋቋም የሚያስገድድ መመሪያ አወጣች። ፋብሪካዎች ይህን ለማሟላት ስፖንጁ ውስጥ እሳት ማዘግያ ኬሚካል ይጨምሩ ጀመር። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1977 ትሪስ የተባለው ማዘግያ ዘረመልን የሚጎዳ ሆኖ ስለተገኘ ከልጆች ፒጃማ ላይ ታገደ። የትሪስ ዘመድ የሆነ ሌላው ግን በስፖንጅ ውስጥ ቀጠለ፤ በጎኑም ፔንታቢዲኢ የሚባል ብሮሚን ያለበት ኬሚካል ገነነ። እነዚህ ከስፖንጁ ጋር በኬሚካል አልተሳሰሩም፤ እንደ ጨው ውስጡ ተበትነው ነው ያሉት። ስፖንጁ ሲያረጅና ሲፈረፈር ከአቧራው ጋር ይወጣሉ፤ አቧራው ወለል ላይ፣ ከወለሉ ወደ ልጁ እጅ፣ ከእጁ ወደ አፉ። ሰውነት ውስጥ ከገቡ ለዓመታት ይቀመጣሉ፤ በእናት ጡት ወተትም ተገኝተዋል። አሜሪካ ውስጥ ፔንታቢዲኢ መመረት ያቆመው በ2004 መጨረሻ ነው፤ በ2009 የስቶክሆልም ስምምነት፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ የማይጠፉ መርዛማ ኬሚካሎችን ለማስወገድ አገሮች የገቡት ውል፣ ከሚወገዱት ዝርዝር አስገባው። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት ስፖንጅ ያለባቸውን 101 የሕፃናት ዕቃዎች ፈትሾ ከመቶ 80ው ውስጥ አንድ ዓይነት ማዘግያ አግኝቷል። ካሊፎርኒያ ራሷ ዞራ ዞራ ከጥር 2020 ጀምሮ ማዘግያ የተጨመረበት የፍራሽ ስፖንጅና የልጆች ዕቃ እንዳይሸጥ ከለከለች።

ይህ ታሪክ አዲስ አበባ ምን አገባው? በሁለት በር ይገባል። አንደኛው ያ ዥጉርጉር ፍርፋሪ ነው፤ ስምምነቱ ራሱ ኬሚካሉ ያለበትን ዕቃ መልሶ ለመጠቀም የጊዜ ገደብ ያለው ፈቃድ ሰጥቶ ስለነበር የድሮ ስፖንጅ ከአገር አገር ይዞራል። ሁለተኛው የውጭ አገር ሰዎች ሲለቁ የሚሸጡት የቤት ዕቃ ነው። ከአሜሪካ የመጣ የድሮ ሶፋ ገዝቶ፣ ትራሱን አውጥቶ፣ «ይሄማ ጥሩ ስፖንጅ ነው» ብሎ ለልጅ ፍራሽ የሚያስቆርጥ ቤተሰብ አውቃለሁ። ስፖንጁ እውነትም ጥሩ ነበር። እኔ ግን ለጠላቴ ልጅ አልመኘውም።

ማዘግያ የሌለበት ስፖንጅ ደግሞ በፍጥነት ይነዳል፤ ሲነድም ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ ያወጣል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ናቲ ክፍል ውስጥ ሻማም ጧፍም እንዳይለኮስ። ባትሪ ይያዙ። የከሰል ምድጃም እንዲሁ፤ ክረምት ላይ «ትንሽ ይሙቅለት» ተብሎ የገባ ከሰል የጨረሰውን ቤተሰብ ቁጥር የትኛውም ፍራሽ አይደርስበትም።

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ። ሻጩ «ዴንሲቲ 30 ነው» ይልዎታል። ሁሉም 30 ነው ይላል። ዴንሲቲ ማለት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ብቻ ስለሆነ ማመን አያስፈልግዎትም፤ ይመዝኑ። እህትዎ ከአሜሪካ ሲመጡ የሚይዟት ሻንጣ የምትንጠለጠልባት ትንሽ ሚዛን አለች አይደል? ገመድ አስረው ስፖንጁን ይስቀሉባት። የናቲ አልጋ 1.80 በ0.90 ነው፤ በ15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 0.243 ሜትር ኩብ ይሆናል። ያለ ልባሱ 7.3 ኪሎ ግድም ከመዘነ እውነትም 30 ነው። 6 ኪሎ ከሆነ 25 ነው፤ ለናቲ ክብደት እሱም አያንሰውም። 4 ተኩል ከሆነ 18 አካባቢ ነው፤ በዓመቱ መሐሉ ይጎደጉዳል። ሻጩ ቢስቅብዎ ይሳቅ። አንድ ማጭበርበሪያ ግን አለ፤ ክብደት እንዲያነሣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት የሚጨመርበት ስፖንጅ። ጠርዙን በአውራ ጣትዎ ጠንከር አድርገው ያሹት። ነጭ ብናኝ ከያዘዎ፣ ወይም ጨምቀው ሲለቁት እየተንቀራፈፈ ከተነሣ፣ ክብደቱ የድንጋይ ነው።

ዴንሲቲና ጥንካሬ አንድ አይደሉም፤ ዴንሲቲ የዕድሜ ጉዳይ ነው። ጥንካሬውን ናቲን ወስደው በጎኑ አስተኝተው ይዩት። ከጀርባው ሆነው ሲያዩት አከርካሪው ቀጥ ያለ መስመር ከሠራ በቃ። ዳሌው ከሰመጠ ለስላሳ ነው። አዋቂ ሲጫነው ደረቅ የሚመስለው ለልጅ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። «ኦርቶፔዲክ» የሚለው ጽሑፍ ሻጭ የሚለጥፈው ቃል ነው፤ የጤነኛ ልጅ ጀርባ እንዳይጎብጥ የሚከላከል ፍራሽ አላውቅም። እዚህ ላይ ባለቤትዎ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ጀንዲ ላይ፣ መደብ ላይ፣ ጠፍር አልጋ ላይ ያደገ ትውልድ ወገቡ ቀጥ ብሎ ነው ያደገው። ግማሹ እውነት ያልሆነው፣ ያኔ ጠፍሩን የሞላው ቁንጫና ትኋን ስንቱን ልጅ ሲያሳክከው እንዳደረ የቆጠረ አለመኖሩ ነው። (ዓመት ያልሞላው ሕፃን ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እልዎት ነበር፤ ደረቅና ዝርግ ፍራሽ፣ ያለ ትራስ፣ ያለ ለስላሳ ብርድ ልብስ፣ በጀርባው። ናቲ ከዚያ አልፏል፤ ታናሽ ከመጣለት ግን ያስታውሱት።)

ትኋን ካነሣን የምር የምፈራው ጋ ደረስን።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ አንድ ዘመዴ ማታ ደወለልኝ። የአራት ዓመት ልጁ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ ያስመልሰዋል። «ዓይኑን እይ» አልኩት። ብሌኑ የመርፌ ጫፍ አክሏል። ዛሬ ቤት ውስጥ ምን አደረጋችሁ ስለው፣ ጠዋት ለትኋን ፍራሹን መድኃኒት ረጭተውት ነበር፤ በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የተሸጠ ነጭ ፈሳሽ፣ ሻጩ «ማላታይን» ያለው። ከሰዓት ፍራሹ «ደርቋል» ተብሎ ልጁ ተኛበት። የእርሻ መርዝ ነበር፤ ነርቭ ላይ የሚሠራ። ሆስፒታል አትሮፒን የሚባል ማርከሻ ሰጥተው አተረፉት። የሚያሳዝነው ያንን ፍራሽ ማጠብ አለመቻሉ ነው። ስፖንጅ ስሙ እንደሚለው ይመጥጣል፤ የመጠጠውንም በገላ ሙቀት ለሳምንታት መልሶ ይተፋል። አስጣልነው።

ስለዚህ የናቲ ፍራሽ ላይ ምንም አይረጩ። የእርሻ መርዝ ብቻ ሳይሆን ጣሳ ላይ ጽጌረዳ የተሣለበትም ቢሆን። ትኋን የሚኖረው በአብዛኛው አልጋው መገጣጠሚያና ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ነው፤ እናቶቻችን የአልጋውን እንጨት ፈትተው በፈላ ውሃ የሚነክሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ትኋንም ዕንቁላሉም ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይችሉም። አንሶላውን በ60 ዲግሪ ወይም በፈላ ውሃ ይጠቡ፤ አልጋውን ከግድግዳ ያርቁ፤ ስንጥቁን በጄሶ ያስደፍኑ፤ ፍራሹን ዚፑ እስከ ጥግ የሚዘጋ ልባስ ያልብሱት። ትኋን ሳይበላ ብዙ ወር ስለሚቆይ ልባሱ ዓመት ሙሉ አይከፈት። አድካሚ ነው፤ ልጅ ግን አይመርዝም።

ናፍታሌንም አልጋ ውስጥ፣ ብርድ ልብስ መሐል አይግባ። ጂ-ሲክስ-ፒዲ የሚባል ኤንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ልጆች አሉ፤ ናፍታሌን ቀይ የደም ሕዋሳቸውን ያፈርሳል። ናቲ ከእነሱ አንዱ ይሁን አይሁን ሳይመረመር አይታወቅም።

ሽንቱን በተመለከተ፣ በሦስት ዓመት ተኩል አልጋ ማርጠብ በሽታ አይደለም፤ አምስት ዓመት ከሞላቸውም ከመቶ 15 ያህሉ ያረጥባሉ። ችግሩ እኛ የምናነጥፍለት ነገር ነው። ሙሻማ። የገበታ ሙሻማ ቆርጦ ከአንሶላ ሥር ማንጠፍ የብዙ ቤት ልማድ ነው። ሙሻማ ፒቪሲ ነው፤ ፒቪሲ ደግሞ በተፈጥሮው ድርቅ ያለ ስለሆነ የሚያለሰልሰው ፍታሌት የሚባል ዘይት ይጨመርበታል። አሜሪካ በ2008 ባወጣችው ሕግ ሦስት ዓይነት ፍታሌቶች በልጆች መጫወቻና መንከባከቢያ ዕቃ ውስጥ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጡ ከልክላለች፤ የሆርሞን ሥርዓትን ስለሚያውኩ። የገበታ ሙሻማ ሲሠራ ይተኛበታል ብሎ ያሰበ የለም። በ2025 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስድስት ወር እስከ አራት ዓመት የሆኑ ልጆች የሚተኙባቸውን 25 ክፍሎች አየር ሲለኩ ፍታሌቱና ማዘግያው የበዛው አልጋው ዙሪያ ነበር። ላስቲክ ማንጠፍ ግድ ከሆነ ፖሊኢታይሊን ይሁን፤ ተራው የሚንኮሻኮሸው። መለያው ቀላል ነው፤ ከጥጉ ቆርጠው ውሃ ውስጥ ይጣሉት። ፖሊኢታይሊን ይንሳፈፋል፤ ሙሻማ ይሰምጣል።

ሳሉን ሐኪም ይየው። እስከዚያው ግን ፍራሹ ሥር እጅዎን ያስገቡ። ልጅ ሌሊቱን ያልበዋል፤ ላቡ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፍራሹ ሊሾ ላይ ወይም ድፍን ጣውላ ላይ ከተነጠፈ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ይሻግታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያበቅሉ ፍራሾች ብዙዎቹ እንዲህ የተነጠፉ ናቸው። የናቲ አልጋ ድፍን ጣውላ ከሆነ አናጺው በርብራብ እንዲለውጠው፣ በርብራቡ መሐል ሦስት ጣት ያህል ክፍተት እንዲተው ይንገሩት። ጠዋት አንሶላውን ገልጠው ለአንድ ሰዓት ይተዉት፤ ቶሎ አልጋ ማንጠፍ ጥሩ ሙያ ቢመስልም እርጥበቱን ከድኖ ማስቀመጥ ነው። የሻገተ ስፖንጅ አይታጠብም፤ ይጣላል።

ጥጥስ? ጥሩ ጥጥ ከሁሉም ይሻለኝ ነበር። «ፍራሽ አዳሽ!» የሚለው ድምፅ ሰፈራችን ሲያልፍ እናቴ ጠርታ ታስፈታ ነበር፤ ሰውየው ጥጡን ነድፎ፣ አናፍሶ፣ ልባሱን በፀሐይ አስመትቶ መልሶ ይሰፋዋል። ማዘግያ የለ፣ ማስቲሽ የለ። ዛሬ ግን «የጥጥ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው የፋብሪካ ጥራጊና የብጣሽ ጨርቅ ፍጫይ ነው፤ አቧራው ለሚያስለው ልጅ አይሆንም። ጥጥ ሽንትም ሲጠጣ ቶሎ አይደርቅም። ጥጡን ከነፍሬው ራስዎ አይተው የሚያስነድፉበት ሰው ካለዎትና ናቲ ማርጠቡን ሲተው ያስቡበት። አሁን ግን ስፖንጁ ይቅደም።

እህትዎ ሊልኩት ስላሰቡት ፍራሽ። ላቴክስ ከሆነ መልካም ዕቃ ነው፤ ከጎማ ዛፍ ወተት ይሠራል። ስፓይና ቢፊዳ (አከርካሪው ሳይዘጋ መወለድ) ላለበት ልጅ ግን አይሁን፤ እነዚህ ልጆች ለላቴክስ አለርጂ በጣም የተጋለጡ ናቸው። ፍራሹ ላይ የተለጠፉትን የምርመራ ምልክቶች ሲያነቡ ደግሞ እያንዳንዱ ምኑን እንደመረመረ ይዩ። ሰርቲፑር የሚያየው ስፖንጁን ብቻ ነው፤ ልባሱን አያይም። ኦኮ-ቴክስ 100 ጨርቅና ክፍሎችን ለጎጂ ኬሚካል ይፈትሻል፤ አንደኛ ክፍል የሚለው እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ ነው። ግሪንጋርድ ጎልድ ወደ አየር የሚለቀውን ይለካል። ጎትስ የጥጡንና የሱፉን፣ ጎልስ የላቴክሱን ኦርጋኒክነት ያረጋግጣሉ። «ከመርዝ ነጻ» የሚለው ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። በ2013 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ያለ ማስረጃ «ተናኝ ኬሚካል የለውም» ብለው ያስተዋወቁ ሦስት ፍራሽ ሠሪዎችን ተቆጥቷል፤ አንደኛው ማኅተም የሰጠኝ ማኅበር ነው ያለው ራሱ የፈጠረውን ማኅበር ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ተጠቅልሎ በካርቶን የሚመጣ ርካሽ ሜሞሪ ፎም (የገላን ቅርጽ የሚይዝ ስፖንጅ) እንዳይልኩ። አንዳንዶቹ እሳት ለመቋቋም ከልባሱ ሥር የመስታወት ጭረት፣ ፋይበርግላስ፣ ያለበት ስስ ከረጢት አላቸው። ልባሱን ለማጠብ ዚፑን የከፈተ ሰው ቤቱ ሁሉ በሚያብለጨልጭ ብናኝ ይሞላል፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ከምንጣፍና ከልብስ አይወጣም። ካሊፎርኒያ ከጥር 2027 ጀምሮ ከልክላዋለች። እህትዎ ቤት እንዲህ ያለ ካለ፣ መለያው ላይ «ግላስ ፋይበር» የሚል ካዩ፣ ዚፑን አይንኩት።

መላካቸው ካልቀረ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር ይላኩ፤ ላዩ የጥጥ ፎጣ፣ ሥሩ ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን የሆነ የፍራሽ መከላከያ፣ ኦኮ-ቴክስ ያለበት፣ ፒቪሲ የሌለበት። (ያ ስስ ሽፋን ከምን ይሠራል ቢሉኝ፣ ብዙ ጊዜ ከፖሊዩሬቴን ነው፤ ለእህትዎ አይንገሩብኝ።) የናቲ ፍራሽ 90 ሳንቲ ሜትር ወርድ ስላለው እዚያ «ትዊን» የሚሉት መጠን ቢተርፈው እንጂ አያንሰውም፤ የተረፈውን ከሥር ያጥፉት። ሁለት ይሁኑ፤ ክረምት ላይ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ይፈለጋል።